ስድስተኛው ላፕቶፕ

ታቦቱ ወደ መንበሩ ተመልሶ ሕዝቡ ገና ከግቢው ሳይበተን፣ የተለበለበ ፀጉር ሽታ ከነፋሱ ጋር መጣ። ሴቶቹ ተያዩ። በጾም፣ ያውም በታኅሣሥ ገብርኤል፣ የበግ ራስ የሚለበልብ ማነው? ከዚያ አንዷ ከሱፍ ኩባንያው ጣሪያ ላይ የሚወጣውን ቀጭን ጭስ አየች።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ስትደርስ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። ትልቅ እሳትም አልነበረም። በናሙና ክፍሉ ውስጥ የረጅሙ ጠረጴዛ አንድ ጥግ ተቃጥሏል፤ ጥጉ ላይ የነበረው ላፕቶፕ ቀልጦ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል፤ ዙሪያውን የከሰለ አዲስ የሱፍ ባና አለ። የጥበቃ ሠራተኛው ምንይሉ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ልብሱን እሳት አልነካውም። የገደለው ጭሱ ነው።

ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ የምንይሉ የራሱ አሮጌ ባና ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። በላዩ አምስት ላፕቶፖች ተቀምጠዋል፤ ሦስት ጥቁር፣ ሁለት ግራጫ።

«ይኸው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ መርስዔ ኃዘን። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ነጭ እንደለበሱ ናቸው። የግቢው በር ላይ የተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰው ሁሉ ታቦት ሲያጅብ እሱ ይሰርቃል! ዱካውን ሊያጠፋ የለኮሰው እሳት ራሱን ጣለው። ሌባ!»

በሩ ላይ ከቆሙት መሃል አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አልጮኸችም። የምንይሉ ሚስት ጥሩሸዋ ነበረች።

*

«ነገሩ ያለቀ ይመስላል» አለ ሳጅን አወቀ። አምስቱን ላፕቶፖች በጣቢያው ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ ነው።

«ይመስላል» አለች ምሥራቅ። «ቻርጀሮቹ የት ናቸው?»

«እዚያው ክፍሉ ውስጥ፤ ግድግዳው ላይ እንደተሰኩ።»

«ሌባ ቻርጀር ትቶ ይሄዳል?»

«የቸኮለ ሌባ ይተዋል።»

«የቸኮለ ሌባ ዕቃውን ደራርቦ ይጠቀልላል። ይኼ ግን እንዳይነካኩ አራርቆ ነው ያስቀመጣቸው።»

አወቀ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጥበቃ ነው። ሥርዓት ይወድ ይሆናል።» ግራጫውን በአንድ እጁ አንሥቶ መዘነው፤ ከዚያ ጥቁሩን። «እኔን ቢጠይቁኝ ግራጫውን ነበር የምገዛው። ይኼ ጥቁሩ ጡብ ነው።»

የሚገዛው ዓይነት እንዲመረጥ ነበር ላፕቶፖቹ የመጡት። ኩባንያው በመንዝና በመርሐቤቴ የሚሸለተውን ሱፍ ሰብስቦ ባናና ምንጣፍ ያሠራል፤ አሁን ለሠራተኞቹ ስልሳ ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ሊገዛ ነው። ሁለት አቅራቢዎች ቀርበው እያንዳንዳቸው ሦስት ናሙና ሰጡ። አንድ ግራጫና አንድ ጥቁር ወደ ሞላሌው የሱፍ መሰብሰቢያ ጣቢያ፣ አንድ ግራጫና አንድ ጥቁር ወደ ዓለም ከተማው ሄዱ፤ ሌሎቹ ሁለቱ መሐል ሜዳ ዋናው ቢሮ ቀሩ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ሲሠራባቸው ቆይቶ ስድስቱም ተመልሰዋል። ሰኞ ቦርዱ ተሰብስቦ ይመርጣል። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ከታች በኩል የቆየበት ጣቢያ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል።

ምሥራቅ አንድ በአንድ ገልብጣ አነበበች። ከግራጫዎቹ የተረፉት የሞላሌውና የመሐል ሜዳው ናቸው። «የተቃጠለው የዓለም ከተማው ነው ማለት ነው» አለች። «ስለ ዓለም ከተማው የተነገረ ነገር አለ?»

«ምንም። ችግር አልነበረበትም ይላሉ።»

«እንዲያ ነው?» አለችና ስሙን ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

*

ኮከብ የኩባንያው የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ አልሆናትም። ዓይኗ ቀልቷል። ከመቀመጧ በፊት መናገር ጀመረች።

«እኔ ነኝ ያደረግኩት መሰለኝ።»

አወቀ ቀና አለ።

«ምን አደረግሽ?» አለች ምሥራቅ።

«ጋሼ ምንይሉን ‹ባትሪዎቹን ውርጭ እንዳይመታቸው› ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ አሽሞንሙኖ ባና አልብሷቸው ይሆናል። እዚህ አገር ብርድ ይነካዋል የተባለ ነገር ሁሉ ባና ይለብሳል። የተሰካ ላፕቶፕ ላይ ባና ከጣሉበት ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።»

«አንቺ የትኛውን ነበር የመረጥሽው?»

«ጥቁሩን።» እንባዋን ጠረገች፤ ድምፅዋም ተለወጠ። «ግራጫው ያምራል፣ ይቀልላል፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ግን ባትሪው ውስጥ ተጣብቆ የታሸገ ነው። የጥቁሩ ባትሪ በእጅ ይወጣል፤ ኪቦርዱም በአንድ ካቻቢቴ እዚሁ ይቀየራል። ግራጫው በተበላሸ ቁጥር በሚኒባስ አዲስ አበባ ድረስ የሚወስደው ማነው? ስልሳ ላፕቶፕ እኮ ነው! አቶ ባስልዮስ ግን አይሰማም።»

«እና ከግራጫዎቹ አንዱ ተቃጠለ» አለ አወቀ። «ለአንቺ ደህና ማስረጃ ሆነልሽ።»

ኮከብ ፊቷ ደም ለበሰ። «ሰው ሞቷል እኮ!»

«የናሙና ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች ምሥራቅ።

«እኔ ጋ፣ አቶ ባስልዮስ ጋ፣ ጥበቃው ጋ።» ስልኳን አወጣች። «ጋሼ ምንይሉ ደውሎልኝ ነበር። ታቦት ወጥቶ ስለነበር አላነሣሁም። ለሥራ አስኪያጁም ደውሎላቸዋል፤ እሳቸውም አላነሡም።»

ልጅቷ ከወጣች በኋላ አወቀ «የሚደውል ሌባ ደግሞ አለ?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ራሱ መለሰ፤ «መቼ እንደሚመለሱ ለማወቅ ይሆናል።»

ምሥራቅ የኮከብን ስም ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ላይ አልሰረዘችም። የልጅቷ እንባ እውነት ነበር፤ እውነተኛ እንባ ግን ንጹሕነትን አያሳይም።

*

የኀዘኑ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ሰው ግን የለበትም። ጥሩሸዋ፣ ሁለት አሮጊቶችና ጥግ ላይ የተቀመጠች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ልጅ ብቻ አሉ። ንፍሮው በትልቅ ሳፋ ቀርቦ አልተነካም።

ምሥራቅ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እስኪፈቀድላት ጠበቀች።

«ይጠይቁኝ» አለች ጥሩሸዋ። «ለመጠየቅ አይደል የመጡት?»

«የተቃጠለው ባና አዲስ ነው። ኩባንያው ለእንግዳ የሚያሳየው ዓይነት። ምንይሉ ከማሳያ ክፍሉ አንሥቶ ዕቃ ያለብሳል?»

«የማሳያውን ባና?» ጥሩሸዋ ራሷን ነቀነቀች። «ቁልፉም የለው። ቢኖረውም አይነካውም። ብርድ ላይ ቆሞ ሲያድር እንኳ የራሱን ነው የሚለብስ። ያ ሣር ላይ ያነጠፈው፣ እኔ የፈተልኩለት ነው። በዚያ ውርጭ ከትከሻው አውልቆ ለዕቃ አነጠፈ። ራሱን አራቁቶ ለማን ነው የሚሰርቅ?»

ጥሩሸዋ ቀና ብላ ምሥራቅን አየቻት።

«ባል አለዎት?»

«ነበረኝ።»

«በሞተ ጊዜ ሰው መጣልዎ?»

«መጣ።»

«ለእኔ አልመጣም። እድርተኛው ድንኳኑን ተክሎ ሄደ። ልጄን የሌባ ልጅ አሏት።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ ሌላ ነገር አልለምንዎትም። ሰርቆ ከሆነም ይንገሩኝ። ካልሰረቀ ግን ያንን ስም ያንሡለት።»

ምሥራቅ ከሳፋው እፍኝ ንፍሮ አንሥታ በላች። ከዚያ ጫማዋን አደረገች።

*

የግዥ ኃላፊው ባስልዮስ ቢሮ ከማሳያ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወንበር ሳብ አድርጎ ሰጣት፤ ለአወቀም ሰጠው።

«ከማለዳ ጀምሮ ደብሩ ግቢ ውስጥ ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ። «ካህናቱን ይጠይቁ፤ ሕዝቡ ሁሉ አይቶኛል።»

«ጠይቀናል። አይተውዎታል። የማሳያ ክፍሉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?»

«አዎ። ባናዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ፈገግ አለ። «ለቦርዱ እንዲያምር በዋዜማው ከላፕቶፖቹ ሥር አነጠፍኳቸው። ከሥር ነው ያልኩት። ወደ ላይ ገልብጦ ያለበሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና፣ ምንይሉ ያልተማረ ሰው ነበር።»

«የሰካቸውስ?»

«ስሰካቸው መብራት አልነበረም። በንግሡ ጠዋት መጣ።»

«ምንይሉ ደውሎልዎት ነበር?»

«ታቦት ወጥቶ ማን ስልክ ያነሣል?»

«ደውሎ እንደሆነ ነው የጠየቅኩት።»

«ደውሎ ይሆናል።»

«ያልተነሣ ጥሪ ስልክዎ ላይ ይታያል። ላየው?»

ባስልዮስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። የጥሪው ታሪክ ባዶ ነበር። «እያየሁ አጠፋለሁ፤ ልማዴ ነው» አለ። «የሞላሌው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ እየደወለ ያሰለቸኛል።»

«ለምን?»

«ግራጫው ታመመብኝ ይላል። እኔ ራሴ አየሁት፤ ምንም የለበትም። እናንተም ጣቢያ አለ አይደል? ከፍታችሁ እዩት።»

መንገድ ላይ አወቀ «ያየነው ነው እኮ፤ ደህና ነው» አለ።

«አዎ። እንድናየው የፈለገ ይመስላል» አለች ምሥራቅ። «መኪናውን አስነሣ። ሞላሌ እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን ለቴሌ ደብዳቤ ጻፍ፤ ምንይሉ ለማን ደወለ፣ ማንስ አነሣ።»

*

የሞላሌው ጣቢያ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሴቶች ሱፉን በየቀለሙ እየለዩ ያራግፋሉ፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ እንደ በረዶ ይንሳፈፋል። የጣቢያው ኃላፊ ሙሐመድሁሴን ሽማግሌ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው እዚያው መሃል ላይ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ። ፖሊስ መጣብኝ እንግዲህ!» አሉና ለምሥራቅ በርጩማ ጠረጉላት። «ከሱፍ በቀር የምትሰርቁት የለም።»

«ጋሼ ሙሐመድሁሴን፣ ግራጫው ላፕቶፕ ምን ሆነብዎት?»

«አበጠ።»

«አበጠ ማለት?»

«እርጥብ ሣር እንደበላች በግ ሆዱ ተነፋ። ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ጣቴን ባስገባው ይገባል። የሚዛን ድንጋይ ጫንኩበት፣ አልተኛም። ለባስልዮስ ደወልኩ። ‹ላኩት› አለ። በሹፌሩ ላክሁት። ኋላ ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ደህና ነው፤ ዓይንዎን ይታከሙ።›» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስታ የለበትም። «ሱፍን በጭለማ የሚለይ ዓይን ነው እንግዲህ!»

አወቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባት፣ የሞላሌው ግራጫ እኛ ጋ ነው። እንደ መጽሐፍ ግጥም ብሎ ይዘጋል።»

«እሱ ከሞላሌ አልመጣም፣ ልጄ።»

«ወረቀቱ ሞላሌ ይላል።»

«ወረቀት ሞላሌን ያውቃታል?»

ምሥራቅ አመሰገነቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ አወቀ ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ካፖርትዎን ይዩት! በግ ሆነናል።» ጥቁር ካፖርቷ ከአንገት እስከ ጫፉ ነጭ ለብሷል። ልታራግፈው እጇን አነሣችና ተወችው። ለጥቂት ጊዜ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ከለበሱ፣ ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እዚህ አየር ሲስብ የከረመው ማሽን ምን ይሆናል?

«ኮከብን ጥራት» አለች። «ካቻቢቴዋን ይዛ ትምጣ።»

*

ኮከብ መጀመሪያ የሞላሌውን ጥቁር ከፈተች። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ አይታይም ነበር። ነጭና ቡናማ ሱፍ ተጠቅጥቆበት እንደ ባና ደድሯል። በወረንጦ ስትስበው አንድ ሙሉ ቁራጭ ሆኖ ወጣ።

«ይኼን ሁሉ ይዞ ይሠራ ነበር?» አለ አወቀ። «ጡብ ያልኩትን አንሥቻለሁ።»

«አሁን የሞላሌውን ግራጫ» አለች ምሥራቅ።

ኮከብ ከታች ያሉትን ብሎኖች ፈታች፤ ሽፋኑን አነሣችና ጎንበስ ብላ አየች። ማራገቢያው ንጹሕ ነበር። ከዳር ዳር ስስ ቀይ አቧራ ብቻ አለ፤ አንድም የሱፍ ጭረት የለም።

«የዓለም ከተማ መንገድ አቧራ ነው» አለች ኮከብ በቀስታ። «የዓለም ከተማውን ጥቁርም ልክፈተው?»

ከፈተችው። ያው ቀይ አቧራ፣ ሱፍ የሌለበት። የመሐል ሜዳው ግራጫ ሱፍም ቀይ አቧራም አልነበረበትም።

«አልገባኝም» አለ አወቀ።

«ወረቀቶቹ ተቀያይረዋል» አለች ምሥራቅ። «ይኼ የዓለም ከተማው ነው፤ የሞላሌን ስም ለጥፈውበታል። የሞላሌው፣ ያ ያበጠው፣ በዓለም ከተማ ስም ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተቃጠለውም እሱ ነው።»

ኮከብ ካቻቢቴውን አስቀመጠች። «ያበጠ ባትሪ መብራት ላይ አይሰካም። በፍጹም አይሰካም። አቶ ባስልዮስ ይህን ያውቃል፤ እኔ ራሴ ነግሬዋለሁ።»

ምሥራቅ የግራጫውን አቅራቢ ስልክ ከናሙናው ሣጥን ላይ አንብባ ደወለች። ከሱፍ ኩባንያው ጉዳይ እንደምትደውል ስትናገር ሰውዬው ሳያስጨርስ በደስታ አቋረጣት። «ስልሳዎቹ እኮ ደብረ ብርሃን መጋዘን ደርሰዋል! አቶ ባስልዮስ በፈረመልን መሠረት ነው ያስገባናቸው። ሰኞ ልናወጣቸው ነው አይደል?»

*

የቴሌ መልስ በማግስቱ መጣ። ባስልዮስ ጣቢያ ተጠርቶ እፊቷ ተቀምጧል። ከሱፉ ቁራጭና ከሁለቱ ግራጫዎች በቀር ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም።

«ቦርዱ ሳይመርጥ ስልሳውን አዝዘዋል» አለች። «የሞላሌው አበጠ ሲባል ወረቀቱን ቀየሩት። እስካሁን ተሳስቻለሁ?»

«ሰኞ ለአፍታ ቢበራልኝ በቂ ነበር» አለ ባስልዮስ። ፈገግታው ጠፍቷል። «አንድ ነው የተበላሸው። ከስድስት አንድ። ለዚህ ብሎ ሥራዬን የሚያሳጣኝ ማነው? ክዳኑ እንዳይታይ ባናውን ደረብኩበት። መብራቱ ከሰኞ በፊት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«የደረቡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ከላይ።»

ባስልዮስ የሱፉን ቁራጭ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ታቦት ወጥቶ ስልክ የሚያነሣ ሰው በዚህ አገር አላውቅም» አለች ምሥራቅ። «ኮከብ አላነሣችም። ሥራ አስኪያጁ አላነሡም። እርስዎ ግን ምንይሉ እንደደወለ አነሡ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ እርስዎ ስልክዎን ሲጠብቁ ነበር። ምን አለዎት?»

 ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ።

«ጭስ አለ አለኝ» አለ ባስልዮስ። «አምስቱን አውጥቻለሁ፤ አንዱ ግን እየፈላ ነው፤ አልነካ አለኝ፣ አለ። ሰው ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«እርስዎስ?»

«ሰው ከመጣ ያየዋል ብዬ…»

«ምን አሉት?»

«ሰው ሳይመጣ ያንንም አውጣው አልኩት።»

አወቀ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ ከወረቀቱ ላይ አነሣ።

«እሱስ ምን አለ?» አለች ምሥራቅ።

ባስልዮስ እጆቹን አየ። «‹እሺ ጌታዬ› አለኝ።»

*

ባስልዮስ ከታሰረ በኋላ ወሬው ከምሥራቅ ቀድሞ ድንኳኑ ደርሷል። ፍራሹ ላይ ቦታ ጠፍቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። የእድሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ንፍሮ ያዞራሉ። ጥሩሸዋ ምሥራቅን ስታይ አጠገቧ ያሉትን አሮጊት ጠጋ አድርጋ አስቀመጠቻት።

ምሥራቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ በዝግታ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«በመጨረሻ ምን አለ?» አለች ጥሩሸዋ። «በስልኩ።»

«‹እሺ› አለ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።» ሁለተኛዋን ቃል ምሥራቅ ለራሷ አስቀረቻት።

ጥሩሸዋ ራሷን ዝቅ አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ምሥራቅም እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ መለሰች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ መርስዔ ኃዘን ሠራተኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። ኮከብ ከኋላቸው ናት። ቦርዱ በጠዋቱ ጥቁሩን መርጦ ነበር፤ የዚያ ደስታ ግን ፊቷ ላይ የለም። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ጥሩሸዋ።»

እጇን አልሰጠቻቸውም።

«ሌባ ያሉት ጮክ ብለው ነበር» አለች።

ንፍሮ የሚያዞሩት ሰዎች ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ቀና አሉና ዙሪያቸውን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ምንይሉ ሌባ አልነበረም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ልጄ ከኋላ ናት። አልሰማችም።»

ሰዎቹ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ፤ ጥግ ላይ የነበረችው ልጅ ብቻዋን ታየች። አቶ መርስዔ ኃዘን ወደ እሷ ዞሩ። 

«አባትሽ ሌባ አልነበረም!» አሉ። ድምፃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ። «የእኛን ንብረት ሲያወጣ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የዋሸሁበት።»

ጥሩሸዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ከእግሯ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችላቸው።

«አሁን ይቀመጡ» አለች።